ማህተሙ ተቀየረ፤ ጉድጓዱ ግን ያው ነው!

ባለፈው ሰሞን ለአንዲት ቀላል ማስረጃ ወደ አንድ የወረዳ ጽህፈት ቤት ጎራ ብዬ ነበር። የትኛው ወረዳ እንደሆነ አልናገርም። ብናገርም የሚጠቅመው ነገር የለም፤ አንባቢ በየሰፈሩ ያለውን ያውቀዋልና። ደብዳቤው ተጽፏል፣ ኃላፊው ፈርሞበታል፣ ቁጥርና ቀን ወጥቶለታል። የቀረው ማህተም ብቻ ነበር።

«እህቴ፣ ማህተሙን ብታሳርፊልኝ» አልኳት ጸሐፊዋን።

«ማህተም ያዡ ስብሰባ ላይ ናቸው ወንድሜ፤ ከሰዓት ብቅ በል።»

ከሰዓት ብቅ አልኩ። ስብሰባው አላለቀም። በማግስቱ ሄድኩ። ስብሰባው አልቋል፣ ማህተም ያዡም መጥተዋል፣ ማህተሙ ግን «አዲስ እየተቀረጸ ስለሆነ በአሮጌው እንዳይመታ» ተብሎ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። አዲሱ መቼ ይደርሳል? አይታወቅም። እስከዚያስ? «እስከዚያ እንግዲህ ትታገሣለህ» አለችኝ። የሷም ጥፋት አይደለም።

እስቲ አስቡት። ወረዳው አለ። ኃላፊው አለ። ፊርማው አለ። እኔም በአካለ ሥጋ ፊታቸው ቆሜያለሁ። የጠፋው አንድ ክብ ላስቲክ ነው። ያ ላስቲክ ስለሌለ ግን እኔም፣ ደብዳቤውም፣ ወረዳውም የለንም!

አግዳሚው ላይ አንድ ሽማግሌ ፌስታል ታቅፈው ተቀምጠዋል። ማጉረምረሜን ሰምተው ኖሮ፣

«ምን ሆነህ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«አባቴ፣ ማህተም የለም ይሉኛል።»

ሳቁ። «አንተ ማህተም አጣህ፤ እኔ ደግሞ ማህተም በዝቶብኝ ነው የመጣሁት።»

ሰውየው የወላይታ ሶዶ ተወላጅ ናቸው። ለአንድ የውርስ ጉዳይ የትውልድ ቦታቸውን የሚገልጽ ወረቀት ተጠይቀው ያላቸውን ሁሉ ይዘው መጡ። ፌስታሉን ፈተው አንድ በአንድ አሳዩኝ። በልጅነታቸው የተሰጣቸው የትምህርት ማስረጃ አንበሳ ያለበት ማህተም አርፎበታል፤ «ሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት» ይላል። የደርግ ዘመኑ ወረቀት ላይ «ሲዳሞ ክፍለ ሀገር» ተብሏል። ደርግ በ1980 ዓ.ም. አገሩን እንደ አዲስ ሲሸነሽን «ሰሜን ኦሞ አስተዳደር አካባቢ» ሆኑ። ኢህአዴግ ሲገባ ቁጥር ተሰጣቸው። ከዚያ ከ7 እስከ 11 ያሉት ክልሎች ተጨፍልቀው «ደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል፣ ሰሜን ኦሞ ዞን» የሚል መጣ። ያም ፈርሶ «ወላይታ ዞን» ሆነ። አሁን ደግሞ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ «ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል»። ሰባት ወረቀት፣ ሰባት ስም። ሽማግሌው የተወለዱበት ቤት ግን ከቦታው አንድ ክንድ አልተንቀሳቀሰም። የጓሮው እንሰት እንኳ እዚያው ነው ብለውኛል።

«ታዲያ ምን አሏችሁ?»

«ሰባቱም አንድ ቦታ መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከትውልድ ቦታዎ ያምጡ አሉኝ። እሱንስ ቢጽፉልኝ ስምንተኛ ማህተም ሆነ አይደል?»

ወገኖቼ፣ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ የእኔ ደብዳቤ መዘግየት አይደለም። የእኔስ ዛሬም ባይሆን ነገ ይደርሳል። ያስጻፈኝ የሽማግሌው ፌስታል ነው። በዚህ አገር መንግሥት በተቀየረ ቁጥር፣ አልፎ ተርፎም ባለሥልጣን በተቀየረ ቁጥር፣ ቀድሞ የሚሠራው ሥራ ማህተምና ዓርማ መቀየር ነው። መንገዱ ጉድጓድ እንደሆነ ይቆያል፤ ቧንቧው ደርቆ ይከርማል፤ ማህተሙ ግን አንድ ቀን አያድርም። እኛ ነዋሪዎቹ ደግሞ የሰፈራችን፣ የከተማችን፣ የክልላችን መታወቂያ የሆነውን ምልክት ማን እንደሳለው፣ ለምን እንደሳለው፣ ማንን አስፈቅዶ እንደሳለው አንጠየቅም፣ አይነገረንም። የኛ ድርሻ መክፈልና መሰለፍ ብቻ!

ማህተም ድሮም ቀላል ነገር አልነበረም። ቴዎድሮስም፣ ዮሐንስም፣ ምኒልክም ደብዳቤያቸውን የሚያጸኑት በፊርማ ሳይሆን ራስጌው ላይ በሚያርፍ ማህተም ነበር። ማህተሙን የሚይዘው ጸሐፌ ትዕዛዝ ነው፤ ሹመቱም ከትልልቆቹ አንዱ ነበር። ዛሬ በየወረዳው «ማህተም ያዥ» የምንላቸው ሰዎች ግርማ ሞገሳቸውን ከየት እንዳመጡት ገባችሁ? አንድ ነገር ግን ልብ ይባል። የቴዎድሮስና የዮሐንስ ማህተም ላይ አንበሳው ብቻ አይደለም ያለው፤ ከግዕዙ ፊደል ጋር የዓረብኛ ጽሑፍም አለበት። ደብዳቤው ወደ ጎረቤትም ስለሚሄድ ሰው እንዲያነበው ነዋ! እኛ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ማህተም ላይ የየትኛው ቋንቋ ከላይ፣ የየትኛው ከታች ይጻፍ እያልን እንኮራረፋለን።

አንበሳው ዘውዱን ደፍቶ፣ መስቀል ያለበት በትር ይዞ እስከ 1967 ዓ.ም. ዘለቀ። ደርግ መጀመሪያ ያደረገው አንበሳውን መግደል አልነበረም። ዘውዱን አወለቀበት፤ ከበትሩ ጫፍ መስቀሉን ነቅሎ ጦር አደረገለት። ቆይቶ አንበሳውን ጨርሶ አባረረና ማረሻ ተካ። የሚገርመው ግን ይሄ ነው፤ ከማህተም ያባረረውን አንበሳ በ1969 ዓ.ም. ባስቀረጸው ሳንቲም ላይ ጭንቅላቱን ብቻ ቆርጦ መለሰው። እስቲ ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን የአንድ ብር ሳንቲም አገላብጡ፤ ዛሬም እዚያው አለ። በአንበሳ አውቶቡስም ላይ አለ። ለገሐር ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊትም አለ፤ ያ ሐውልት በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሮም ድረስ ተወስዶ፣ ዘርዓይ ደረስ ፊቱ ላይ ደሙ ፈልቶ፣ በኋላ ወደ አገሩ የተመለሰ ነው። ሕዝብ የወደደውን ምልክት ቢሮ ውስጥ በተጻፈ ትዕዛዝ ማጥፋት እንደማይቻል ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ኢህአዴግ ደግሞ በተራው ሰማያዊ ክብና ኮከብ ይዞ መጣ፤ 1988 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሕዝቡ ወዲያው «አምባሻ» ብሎ ስም አወጣለት። እውነት ለመናገር ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ላይ ስለ ዓርማው የተጻፈው ክፉ አይደለም፤ ብሔር ብሔረሰቦችና ሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት አብረው ለመኖር ያላቸውን ተስፋ ያንጸባርቃል ይላል። ተስፋው ግሩም ነው። ጥያቄው ተስፋዬን ለኔ ሲስልልኝ ማን አማከረኝ የሚል ነው። ሳያማክሩን ስለው ሲያበቁ ደግሞ በአዋጅ 654/2001 ዓርማ የሌለበትን ልሙጡን ባንዲራ መጠቀም ክልክል ነው አሉን። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ «የሰንደቅ ዓላማ ቀን» ብለው ተማሪውን ያሰልፉታል። ፍቅር በአዋጅ!

ያው አንቀጽ 3 ክልሎችም የየራሳቸው ሰንደቅና ዓርማ ሊኖራቸው ይችላል ይላል፤ ዝርዝሩን ምክር ቤቶቻቸው ይወስናሉ። መብቱን አልቃወምም። ኦሮሞው የኦዳን ዛፍ ዓርማው ላይ ቢያይ ኩራት ይሰማዋል፤ ሊሰማውም ይገባል፤ ኦዳ የሸንጎ ዛፍ ነው፣ ከጥላው ሥር ሰው እኩል ተቀምጦ የሚነጋገርበት። እኔን የሚያሳዝነኝ ዛፉ ወረቀት ላይ መጥቶ መነጋገሩ መቅረቱ ነው። ትግራይ ዘንድ ብትሄዱ የክልሉ ሰንደቅ የፓርቲው ሰንደቅ ራሱ ነው፤ ቀዩም ቢጫ ኮከቡም ያው ነው። ፓርቲና ሕዝብ በአንድ ጨርቅ ሲጠቀለሉ ፓርቲውን የሚቃወም ትግሬ ምን ያውለብልብ?

እኛ አዲስ አበቤዎችስ? በሽግግሩ ዘመን «ክልል 14» ነበርን። እንደ እስረኛ ቁጥር! በ1995 ዓ.ም. 10 ክፍለ ከተማና ብዙ ቀበሌ ተባልን፤ ማህተም ተቀየረ። ቀበሌው ወረዳ ተባለ፤ ማህተም ተቀየረ። በ2013 ዓ.ም. 11ኛው ክፍለ ከተማ ለሚ ኩራ ተወለደ፤ ማህተም ተቀረጸ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የእኛ ሰፈር ጎርፍ መውረጃ ቦይ ልጅ ሆኜ እንደማውቀው ነው። ዘንድሮም ክረምት ሲገባ በድንጋይ እየዘለልን እንሻገራለን።

የማህተም መቀየር ማለት አንድ ላስቲክ መቀየር የሚመስለው የዋህ ካለ ይታረም። ላስቲኩን ተከትሎ የደብዳቤ ወረቀቱ፣ የበሩ ሰሌዳ፣ የመኪናው በር ላይ ያለው ዓርማ፣ የገቢ ደረሰኙ፣ የደንብ አስከባሪው ልብስ፣ የነዋሪው መታወቂያ፣ የቤቱ ካርታ ሁሉ ይቀየራል። ይህ ሁሉ ስንት ብር እንደሚፈጅ አንድም ቀን ዝርዝሩ በአደባባይ ሲቀርብ እኔ በበኩሌ አላየሁም። የሚከፍለው ግን ይታወቃል። ሌላም ተጠቃሚ አለ፤ የፎርጅድ ነጋዴው! ማህተም በየሁለት ዓመቱ ሲቀያየር ሠራተኛው ራሱ የትኛው እውነተኛ እንደሆነ ይጠፋዋል። የፎርጅዱ ጠርዝ ያማረ፣ የመንግሥቱ ግን ቀለሙ የፈሰሰ ሆኖ ይገኛል፤ ከሁለቱ የሚጠረጠረው የቱ እንደሆነ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

አዲሱ «ፋይዳ» የሚባለው የዲጂታል መታወቂያ መጣ ሲባል ደስ ብሎኝ ነበር። በ2015 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቶለታል፤ 12 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው፤ «ብሔር» የሚል ሳጥን የለበትም። ለዚህ ለዚህስ ይመስገኑ፤ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ተጽፎ በየኬላው ሰው ምን እንደደረሰበት እናውቃለን። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። አንድ ቢሮ ፋይዳዬን ባሳይ «ኮፒውን በማህተም አስደግፈህ አምጣ» አሉኝ። በላስቲክ ያልተደገፈ ኮምፒዩተር እዚህ አገር አይታመንም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቁስል ልግባ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የኦሮሚያ ክልል በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ከተሞች፣ ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎን፣ ገላንን አንድ ላይ አድርጎ «ሸገር ከተማ» አለ። እነዚህ ከተሞች የራሳቸው ከንቲባ፣ የራሳቸው ማዘጋጃ ቤት፣ የራሳቸው ማህተም ነበራቸው። ባንድ ውሳኔ ሁሉም ክፍለ ከተማ ሆኑ። ሰበታ ትናንት የተወለደች ሰፈር አይደለችም! የሰበታን ሰው «ከተማህ ከተማ መሆኗ ይቅር ወይ?» ብሎ ድምፅ ያሰጠው አለ? የቡራዩን ነዋሪ፣ ኦሮሞም ይሁን ጉራጌ ወይም ጋሞ፣ አዲሱ ዓርማ ላይ ምን ይሳል ብሎ የጠየቀው አለ?

ይህ የዓርማ ቅንጦት ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ነገር ግን ከከተማው ማህተም ጋር የከተማው ቃልም አብሮ ነው የሞተው። በዚያው ዓመት በሸገር ቤት ሲፈርስ፣ ግብር የከፈሉበትን ደረሰኝ፣ መብራት ያስገቡበትን ውል በእጃቸው ይዘው ከፍርስራሹ ላይ የቆሙ ሰዎች ነበሩ። በደረሰኙ ላይ ማህተም አለ። ማህተሙ ግን የሞተ ከተማ ማህተም ነው! «ሕገ ወጥ» ተባሉ። መስጊዶችም ፈረሱ፤ በግንቦት 2015 ዓ.ም. አንዋር መስጊድ ለተቃውሞ የወጣ ሕዝብ ላይ ተተኩሶ ሰው ሞተ። መንግሥት ትናንት በራሱ ማህተም ያጸደቀውን ዛሬ በሌላ ማህተም ሲሽረው፣ ሦስተኛውን ማህተም ማን ይመነው?

ስለ ምልክት ደም መፍሰሱ እንግዳ ነገር አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ግንብና አስፋልት ላይ የትኛው ባንዲራ ይቀባ በሚል ወጣቶች ተደባደቡ፤ በዚያው ሰሞን ቡራዩ ላይ ብዙ ምስኪን አለቀ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የኦሮሚያ ባንዲራ ይሰቀል፣ መዝሙሩ ይዘመር ተብሎ ሕጻናት በፖሊስ ተባረሩ። ወደ ሽማግሌው አገር ብንመለስም ያው ነው። በ1992 ዓ.ም. ቢሮ ውስጥ የተቀመጡ ሊቃውንት የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮን የመጀመሪያ ፊደላት ሰፍተው «ወጋጎዳ» የሚባል ቋንቋ ፈጠሩና መማሪያ መጽሐፍ አሳተሙ። የሶዶ ሕዝብ አልቀበልም ብሎ ወጣ፤ ሰው ተገደለ፤ ከዚያ መጽሐፉም ቀረ፣ ዞኑም ተከፋፈለ። ቀድሞ ቢጠይቁትስ? ሕዝቡ የሚመልሰው እኮ ያንኑ ነበር፤ ያለ ደም።

እዚህ ላይ «የድሮ ናፋቂ» የሚል ታርጋ ሊለጥፉብኝ የተዘጋጁ እንዳሉ አውቃለሁ። አይድከሙ። አዳማን «ናዝሬት»፣ ቢሾፍቱን «ደብረ ዘይት» ብለው የሰየሙት ንጉሠ ነገሥቱ እንጂ የአዳማና የቢሾፍቱ ሰዎች አልነበሩም። ያም ከላይ የመጣ ማህተም ነበር። በኋላ «አዳማ»፣ «ቢሾፍቱ» ተብሎ ሲመለስ የቦታው ስም መመለሱ ተገቢ ነው ባይ ነኝ፤ የተመለሰበት መንገድ ግን ያው የንጉሡ መንገድ ነው። ከላይ ወደ ታች! በ1992 ዓ.ም. የኦሮሚያ መቀመጫ ወደ አዳማ ይሂድ ተባለ፤ የተቃወመ ተማሪ ተደበደበ፣ ታሰረ፣ ተባረረ። ምርጫ 97 ዱላውን ሲያሳያቸው በዚያው ዓመት «ወደ ፊንፊኔ ይመለስ» አሉ። የደብዳቤው ራስጌ ሄዶ ተመለሰ። የተባረረው ተማሪ ግን ያመለጠውን ዓመት የሚመልስለት ማህተም አልተቀረጸም።

አንድ የሩቅ አገር ነገር ልጥቀስ። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት፣ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚባል ሰፈር ያለበት ሎስ አንጀለስ ካውንቲ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የሚጠቀምበት ማህተም ነበረው። ፍራፍሬ የያዘች የሮማውያን ጣዖት፣ የነዳጅ ማማ፣ ላም፣ ዓሣ፣ መርከብ፣ ከሁሉም ያነሰች አንዲት መስቀል አለችበት። እ.ኤ.አ. በ2004 የመብት ተሟጋቾች «መንግሥት የአንድ ሃይማኖት ምልክት ማህተሙ ላይ ማድረግ የለበትም፤ እንከሳለን» አሉ። የካውንቲው አምስት ተመራጮች ሕዝብ እየጮኸባቸው በአደባባይ ድምፅ ሰጡ፤ 3 ለ 2 መስቀሏ ትውጣ ተባለ። ጣዖቷም በአገሬው ተወላጅ ሴት ተተካች። እ.ኤ.አ. በ2014 እንደገና 3 ለ 2 መስቀሏ ትመለስ አሉ። ነገሩ ፍርድ ቤት ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ዳኛዋ አይቻልም ብላ ፈረደች። ማን ልክ ነበር? ለእኔ ጉዳዬ እሱ አይደለም። የአንዲት ጥፍር የማታህል መስቀል ጉዳይ አሥራ ሁለት ዓመት በድምፅና በችሎት ተሟገቱበት፤ እያንዳንዱ ተመራጭ እጁን የት እንዳወጣ በስሙ ይታወቃል። አንድም ሰው በባንዲራና በዓርማ ምክንያት አልተገደለበትም። የእኛዎቹ የከተማ ምክር ቤቶች ዓርማ ሲያጸድቁ እጁን ያላወጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በ«ሙሉ ድምፅ» እንጂ በ3 ለ 2 ያለፈ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ደግሞ ደቡቡ ተከፋፍሏል። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ለብቻው ወጣ፤ በ2014 ደቡብ ምዕራብ፣ በ2015 ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተከተሉ። ደቡብ ምዕራብ መቀመጫውን ለቦንጋ፣ ለተርጫ፣ ለሚዛን አማንና ለቴፒ አከፋፍሎታል። አንድ ገበሬ ማህተም ፍለጋ አራት ከተማ ሊዞር ነው። የወጣው ክልል ሁሉ ሰንደቅ፣ ዓርማ፣ ማህተም ይፈልጋል፤ ያገኛልም። አስተማሪው ደሞዙ ወራት ሲዘገይበት ግን «በጀት የለም» ይባላል። ለላስቲኩ በጀቱ ከየት መጣ?

ስለዚህ በቀጥታ ለአዲስ አበባ ምክር ቤት፣ ለየክልሉ ምክር ቤትም እላለሁ። ዓርማም ሆነ ማህተም ከመቀየሩ በፊት ረቂቁ በጋዜጣና በየወረዳው ሰሌዳ ይለጠፍ፤ ነዋሪው አስተያየቱን ይስጥ፤ ወጪውም ከነዝርዝሩ አብሮ ይውጣ። ከተማ ሲታጠፍ ወይም ሲዋሃድ ነዋሪው ድምፅ ይስጥበት። በአሮጌ ማህተም የተሰጠ መታወቂያ፣ ካርታ፣ ደረሰኝና የልደት ወረቀት ሁሉ ያለ ምንም ተጨማሪ «አረጋግጥ» የጸና መሆኑ በሕግ ይደንገግ፤ ማዛመድ ካስፈለገም የሚያዛምደው መዝገቡን የያዘው መሥሪያ ቤት ይሁን እንጂ ፌስታል የታቀፈው ሽማግሌ አይሁን። አዲሱ ማህተም እጅ ሳይገባ አሮጌውን መቆለፍ ደግሞ ለማንም የማይገባ ቂልነት ነውና ከነገ ጀምሮ ይቁም።

ሽማግሌው በሦስተኛው ቀን ወደ ሶዶ ተሳፍረዋል። የእኔ ደብዳቤ እስከ ዛሬ ያለ ማህተም ጠረጴዛው ላይ ነው። ይህን ጽሑፍ የሚያስተባብል የመንግሥት አካል ካለ ይህ ዓምድ ክፍት ነው፤ ይጻፍልን፣ እናወጣዋለን። ማህተም ባይኖርበትም እንቀበላለን።